የእትየ ለተብርሃን ባለ ወናፍ መኪና

ባለፈው ሳምንት ሓድነት ውስጥ ካለው የልጄ ጋራዥ በር ላይ፣ እንደ ልማዴ ወንበሬን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ተቀምጬ ሳለ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ አዲስ መኪና ይዞ መጣ። ቀይ ናት፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና። ልጄ ኮፈኑን ሲከፍት ጎረምሳው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ያነብለት ጀመር። የቱርቦው ግፊት ይጨመር፣ የጭስ ማውጫው ይስፋ፣ የኋላ ወንበር ይውጣና ክብደት ይቀነስ፣ ጎማው በሰፊ ይለወጥ። ገና የአዲስነት ሽታዋ ያልለቀቀ መኪና እኮ ናት! እኔ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ።

«አቦይ ሰዒድ፣ ምን ያስቅዎታል?» አለኝ ልጁ፣ ቅር ሳይለው።

«ምንም የለም ልጄ። ፍሬኑን ግን የት ጻፍከው?»

ወረቀቱን ገልብጦ አየ። አልጻፈውም። እኔም በእሱ ዕድሜ አልጻፍኩትም ነበር። የጻፈችው ሌላ ሰው ናት። ጎረምሳው ከሄደ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ እሷ ሳስብ ዋልኩ፤ ይኸው ሳምንቱ አለፈ፣ ሐሳቧ ግን አልለቀቀኝም።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከደሴ የመጣሁት በጣሊያን ካሚዮን ላይ ጭነት ጠባቂ ሆኜ ነው፤ ከዚያ ጋራዥ ገባሁ፣ ሞተር ማፍታታትና መግጠም ተማርኩ። ጣሊያን ሲወጣ መፍቻዎቹ እጄ ላይ ቀሩ። ስንት ዓመት አልፎ ነበር ብትሉኝ በትክክል አላውቅም። የማውቀው መቐለ ያኔ ከዳር እስከ ዳር በእግር ሩብ ሰዓት የማትፈጅ ከተማ እንደነበረች ነው። የኔ ሱቅ ከግንቡ ቤተ መንግሥት በታች፣ ወደ ሰኞ ገበያ በሚወርደው መታጠፊያ ላይ ነበር፤ በአንድ ወገን የወሎ ሰው የሆነ ልብስ ሰፊ፣ በሌላው ወገን ኮርቻ የሚጠግን ሽማግሌ። ዛሬ በዚያ መታጠፊያ ላይ የሞባይል ሱቅ አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን የሚሸተኝ የኮርቻ ቆዳ ነው። በገበያው ጠገራ ብሩ፣ ሊሬው፣ ሽልንጉና የንጉሡ አዲስ ብር አንድ ኪስ ውስጥ ይንኳኳ ነበር። በአንድ ጠገራ ደህና በግ ይገዛል፤ ቤንዚን ግን ከአሥመራ በቆርቆሮ መጥቶ በጣሳ ሲሰፈር እንደ ማር ነበር የሚንጠባጠበው፣ አንድ ጠብታ መሬት ከነካ ሰው ሁሉ «ውይ!» ይላል። ወንዱ የወታደር ካኪ ኮት በነጭ ተነፋነፍ ላይ ይደርባል። ሰኞ ሰኞ ዓርሆ፣ ማለት ከበረሃ የሚመጣው የጨው ቅፍለት፣ ሲገባ ከተማው ሁሉ ግመል ግመል ይሸት ነበር።

እትየ ለተብርሃን የዚያ ጨው ነጋዴ ነበረች። እትየ የምላት እዚህ አገር ታላቅ ሴት የምትከበርበት ቃል ስለሆነ ነው። እሷ እያልኩ የማወራው ደግሞ ራሷ ስላዘዘችኝ ነው፤ «እትየ ካልከኝ አክብሮቱ ይበቃል፣ እርስዎ አትበለኝ፣ አላረጀሁም» አለችኝ። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ባሏ ተስፋይ ሞተር የሚወድ ሰው ነበር፤ ሱቄ መጥቶ ሥራ ሲያስፈታኝ ይውላል። አንድ ቀን አሥመራ ደርሶ ሲመለስ ዓይኑ እየበራ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ከነሣጥኗ ተደብቃ የቀረች፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያልተነዳች የውድድር መኪና ማዘዙን ነገረኝ። ወረቀቷ ሁለት ዓመት ፈጀ። ወረቀቱ ባለቀበት ወር ተስፋይን ቆላ ወርዶ የያዘው ወባ ገደለው። መኪናዋ በካሚዮን ተጭና ስትመጣ ለተብርሃን ከል ለብሳ ነበር፣ ዓመቱ ገና አልሞላም።

ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሳንቃዎቹ ሲወድቁ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ የወይን ጠጅ ቀለም የተቀባች፣ አፍንጫዋ ረጅም መኪና ብቅ አለች። ኮፈኗን ስከፍት የማላውቀው ነገር ከሞተሩ ፊት ተቀምጧል፦ በቺንጋ የሚዞር፣ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ብረት። ስሙን በጣሊያንኛ ሰምቼ አውቃለሁ፣ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ዛሬ ቱርቦ የሚሉት የዚህ ልጅ ነው፤ የዛሬውን ጭሱ ያዞረዋል፣ የያኔውን ሞተሩ ራሱ። ለተብርሃን ጠጋ ብላ አየችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው እትየ። ሞተሩን ያናፋዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው የመኪናዋ ስም ባለ ወናፏ ሆነ።

የባሏ ታላቅ ወንድም ኣያ ሓይሉ የሁለት ካሚዮን ባለቤት ነበር። ባርኔጣውን ሳያደርግ የማይወጣ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ሽንፈት የማያውቅ ሰው። የተስፋይ ተዝካር በወጣ ማግስት ሽማግሎች ሰበሰበ። እኔም ስለ መኪናዋ እንድጠየቅ ተጠርቼ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ቤቱንም ጨዉንም ትያዝ» አለ ሓይሉ። «መኪና ግን የወንድ ዕቃ ነው። ወንድሜ ያዘዛት በቤታችን ስም ነው። እሷ ዘንድ ቆማ ዝገት ከሚበላት ለኔ ትሰጠኝ።»

የሽማግሎቹ አለቃ አቦይ ካሕሳይ ወደ ለተብርሃን ዞሩ። «ልጄ፣ መንዳት ትችያለሽ?»

«አልችልም አቦይ። ጨው መነገድ ስጀምርም አልችልም ነበር።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሓይሉ አልሳቀም። «እንግዲያው ትንዳት!» አለ። «መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ እኔ በራሴ አውቶሞቢል፣ እሷ በዚህች። ከዓዲ ሽሁ ተነስተን አላጄ አናት ላይ ቀድሞ የደረሰ ይውሰዳት።» በሞቅታ የተናገረው ነው፣ እሺ ትላለች ብሎም አልጠበቀም። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ «ይሁን፣ ምስክሬ ናችሁ» አለች። የተነገረ ተነገረ።

መንዳት ያስተማርኳት ሩጫ በማያውቅ አንድ አሮጌ ካሚዮን ነው። ባሏ የሞተባት ሴትና አንድ እስላም ጎረምሳ ብቻቸውን ጋቢና ሲገቡ ከተማው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ አክስቷ ሓትኖ ምሕረት በየቀኑ ከኋላ ጭነቱ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጥ ነበር። ማርሹ በተንኳኳ ቁጥር የጋቢናውን ጣሪያ በከዘራዋ ትደበድባለች። «ኣንቲ ጓለይ፣ ቀስ በሊ! ልጄ፣ እኔ ጨው አይደለሁም!» በሁለተኛው ሳምንት ለተብርሃን ከማርሹ ጋር ታረቀች። እኔ ማርሽ በእጅ ነው የተማርኩት፤ እሷ በጆሮዋ ነበር የምትለውጠው። «በቅሎም ሲደክማት ከመቆሟ በፊት ትንፋሿ ይለወጣል» አለችኝ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የሕይወቴን ክረምቶች ሁሉ ሰብስባችሁ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ያንን ነው የምመርጠው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛ የመኪናዋን ሣጥን ሳንቃዎች ጠረጴዛ አድርገን፣ በከሰል ሳንቃው ላይ እየጻፍን ዕቅድ እናወጣለን። ለተብርሃን ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ፣ ሓትኖ ምሕረት ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። የኔ ሐሳብ ግልጽ ነበር። አላጄ አናት ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ ሞተር ሁሉ እንደ ሰው ያለከልካል። የሓይሉ አውቶሞቢል ባለ ስድስት ሲሊንደር ናት፣ ከታች ጉልበታም ናት፣ ከላይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። የኛ ደግሞ ወናፍ አላት። ወናፉን የሚያዞረው ክብ ብረት አነስ ባለ ከተለወጠ ወናፉ ይበልጥ ይፈጥናል፣ ይበልጥ ያናፋል። ክቡን ብረት ከአንድ የተጣለ የወፍጮ ሞተር ቆርጬ፣ ሦስት ቀን በሞረድ ሞርጄ ሠራሁት። ብዙ አየር ሲገባ ሞተሩ ከውስጥ እንዳያንኳኳ ቤንዚኑ ላይ ትንሽ አረቄ ይጨመር አልኩ፤ ሁለት ጊዜ የወጣ፣ ውሃ የሌለበት አረቄ። እትየ አንዲት አረቄ አውጪ አዘዘችልኝ። እኔ አረቄ የነካሁት ያኔ ብቻ ነው፣ እሱም ለሞተር፤ ያም ሆኖ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ሽታውን ሰምቶ ሁለት ጁምዓ ሰላም ነሣኝ። ለሞተሩ ዘይት ደግሞ የጉሎ ዘይት አደረግን፣ የውድድር ሰዎች እንደዚያ ያደርጉ ነበርና። የጉሎ ዘይት ሲቃጠል ያለውን ሽታ፣ ያንን ጣፋጭና ከባድ ሽታ፣ ዛሬ የትም አላገኘውም።

«ማርሚታውንም እናውጣው» አልኩ፣ የድምፅ ማፈኛውን ማለቴ ነው። «ጭሱ ሲለቀቅ ጉልበት ይጨምራል።»

«ኣይፋል፣ አይሆንም! ከል የለበስኩ ሴት ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየጮህኩ አላልፍም።»

ማርሚታው ቀረ። የጭቃ መከላከያዎቹ፣ የፊት መስታወቱ፣ ትርፍ ጎማውና የጎን ወንበሩ ግን ወጡ። እኔ ገና ልቀንስ ስል እሷ ሳንቃው ላይ በትልቁ «ፍሬን» ብላ ጻፈች።

«እትየ፣ ውድድሩ እኮ ዳገት ነው።»

«ዳገት የወጣ ሁሉ ቁልቁለት አለበት። ፍሬኑን አድስልኝ።» አደስኩት፣ እያጉረመረምኩ። ቀጥላ «ጨው» ብላ ጻፈች። አራት የጨው አሞሌ በቆዳ ታስሮ ከኋላ እግሮቿ፣ ማለት ከጎማዎቿ፣ በላይ እንዲጫን ነው የምትለው። እኔ በግራም እየቀነስኩ እሷ ድንጋይ ልትጭን! ሳቅኩባት። «ወዲ ወሎ» አለችኝ፣ የወሎ ልጅ ማለቷ ነው፣ ሳትቆጣ፣ «ባዶ በቅሎ ዳገት ላይ ኮቴዋ ይንሸራተታል። ጭነት በቦታው ሲሆን መሬት ያስረግጣታል።»

«በቅሎ ሌላ፣ መኪና ሌላ» ብዬ ድርቅ አልኩ። አንድ ዝናብ ባቆመበት ጠዋት፣ በኔ ዕቅድ፣ ያለ ጨው፣ እኔው ራሴ ይዣት ወደ እንዳየሱስ ዳገት ወጣሁ። ዛሬ እዚያ የተማሪ መንደር ነው፣ ያኔ ግን ጠጠርና ቁልቋል ብቻ ነበር። ወናፉ ማፏጨት ሲጀምር ልቤ አብሮ በረረ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የኋላ እግሮቿ ጠጠሩን ፈተጉት፣ መሬት አልይዝ አሉ፣ መኪናዋ በጎን ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ገባች። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ቀለሟ ተላጠ፣ ኩራቴም ተላጠ። ስድስት ሰዎች ሲያወጧት ለተብርሃን በእግሯ መጣች። ይህቺ መኪና የሟች ባሏ ምኞት ናት፣ ከእጇ ልትወጣም ላትወጣም ያለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን መካኒኩን እሰድበው ነበር። እሷ የተላጠውን በጣቷ ዳስሳ፣ «አንተ ደህና ነህ?» ብቻ አለችኝ። በማግሥቱ ጨዉን ጭኜ ሰጠኋት። በዚያው መታጠፊያ ስታልፍ መኪናዋ መሬቱን እንደ ሙጫ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለሠራሁላቸው ደንበኞች ሁሉ ሐሳባቸውን ጨርሰው ሳይናገሩ አልስቅም።

ቀኑ ሲደርስ ከተማው ግማሹ ባገኘው ካሚዮን ዓዲ ሽሁ ወረደ። አቦይ ካሕሳይ ከዋዜማው ወጥተው አላጄ አናት ላይ ተቀምጠዋል። ለተብርሃን ከሉን ከቁርጭምጭሚቷ ላይ በመቀነት አስራ፣ ሹሩባዋን በሻሽ ጠቅልላ፣ አንድ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የአቧራ መነጽር አድርጋለች። ኣያ ሓይሉ «መካኒኩ ከኔ ጋር ይቀመጥ፣ መንገድ ላይ እንዳይረዳት» አለ፤ እኔም ከእሱ አውቶሞቢል እንድገባ ተወሰነ። ከመነሳታችን በፊት ኮፈኑ ተከፍቶ ስለነበር ዓይኔ ገባ። ወደ ራዲያቶሩ የሚሄደው የውሃ ጎማ ተሰንጥቋል፣ አንድ ቦታ ላይ አብጧል። አላጄን አይወጣም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዝም ልል ነበር። ሄጄ ለእሷ በጆሮዋ ነገርኳት፣ የምሥራች የነገርኳት መስሎኝ። መነጽሯን አወለቀች።

«ሂድና ንገረው።»

«እትየ፣ መኪናዋ እኮ ከእጅሽ ትወጣለች!»

«ሰዒድ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እኔ የምቀድመው ሰውየውን ነው፣ ጎማውን አይደለም። ንገረው።»

ነገርኩት። ኣያ ሓይሉ ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። «አንተና እሷ ልታስቆሙኝ! ይህ ጎማ ምጽዋ ደርሶ የተመለሰ ነው» ብሎ ኮፈኑን ጠረቀመው።

ስንነሳ እሱ ቀደመ። ባለ ስድስቱ ሜዳውን እንደ ጉድ በላችው፤ ኣያ ሓይሉ በኩራት ይዘፍን ጀመር። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ከአቧራችን ውስጥ ያቺ ረጅም አፍንጫ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ዳገቱ ተጀመረ። አንድ መታጠፊያ፣ ሁለት፣ አምስት። ቅዝቃዜው ፊታችንን መታው፣ የኛ ሞተር ድምፁ ወፈረ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። ዘፈኑ ቆመ። ያኔ ነው ከበታቻችን ፉጨቱን የሰማሁት፤ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ገደሉ መልሶ የሚያስተጋባው። ጥርሴን ነከስኩ፤ ከጠላት ወገን ተቀምጬ ደስ ማለት ነውር ነው። ሰፋ ያለው መታጠፊያ ላይ በውስጥ በኩል ገባች። ጎን ለጎን ሆንን። ዞር ብላ አላየችንም፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። አለፈች። ኣያ ሓይሉ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ፤ ወዲያው «ፏ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ነጭ እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው።

ቆምን። የውሃው ጎማ ፈንድቷል። እሷ ከላይኛው መታጠፊያ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች አየችን። ቆማ ትጠብቃለች ብዬ ፈራሁ። አልቆመችም። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

ኣያ ሓይሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ያኔ ነው ራሰ በራ መሆኑን ያወቅኩት። «ጥላኝ ሄደች» አለ፣ ለራሱ ይመስል። «የወንድሜ ሚስት።» «ተስፋይ ልጅ ሳለ ይህን ዳገት አዝዬው ወጥቻለሁ» አለኝ። እኔ የተሰነጠቀውን ጎማ በቆዳና በሲባጎ ማሰር ያዝኩ።

ትንሽ ቆይቶ መኪናዋ ቁልቁለቱን በቀስታ፣ ፍሬኗ እየያዘላት ወረደች። በጎን ወንበሩ ቦታ፣ በነጠላ የታሰረ ትልቅ እንስራ ውሃ ቆሟል። ለተብርሃን ወረደችና እንስራውን አቀፈችው።

«ለምን አልቆምሽም?» አላት ሓይሉ። ቁጣ አልነበረበትም፣ የተከፋ ሰው ድምፅ ነው።

«ብቆም ‹አልደረሰችም› ትል ነበር ኣያ። ደርሼ መጣሁ። አቦይ ካሕሳይ አይተውኛል።» እንስራውን አቀበለችኝ። «አሁን ደግሞ ውሃ ይዤ ነው የመጣሁት፣ የማን እንደሆነች ለመከራከር አይደለም። ተነስ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ተነሳ። ውሃውን ራሱ ጨመረ። ቀስ እያልን፣ እሷ ከፊት እኛ ከኋላ፣ አላጄ አናት ወጣን። አቦይ ካሕሳይ ገና ሳይጠይቁ ሓይሉ ራሱ ከአውቶሞቢሉ ወርዶ «የእሷ ናት» አለ። በዚያ ዓመት በየሠርጉ ልጃገረዶች በትግርኛ አንድ ነገር ይገጥሙላት ነበር፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ዜማው ይጎድላል፦

ግመሉም በቅሎውም ወደ ኋላ ቀሩ፣
የለተብርሃን ወናፍ ሲያፏጭ በበሩ።

በሳምንቱ ሱቄ መጥታ «በል፣ መስታወቱንም ወንበሩንም የጭቃ መከላከያውንም መልስልኝ» አለችኝ። ልቤ ተሰበረ። ወናፉን ግን እንዳለ ተወችው። ከዚያ በኋላ ከሏን አውልቃ፣ ወደ ጨው ገበያ፣ ወደ ዓዲግራት፣ ወደ ልቅሶና ወደ ሠርግ በዚያች መኪና ስትመላለስ ከተማው ለመደና መገረም አቆመ። ከኣያ ሓይሉ ጋር በሰላምታ ብቻ ይኖሩ ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ጨዋ ሰላምታ።

ሁለት ክረምት ያህል አልፎ የሓይሉ ዓይን ታመመ። ነጭ ነገር ሸፈነው፤ አሥመራ ሐኪም አለ ተባለ። ሁለት ካሚዮን፣ አንድ አውቶሞቢል፣ ሦስት ሾፌር ያለው ሰው ነው። አንድ ጠዋት በልጁ እጅ ተመርቶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ በመታጠፊያው ሲመጣ አየሁት። ለተብርሃን ሱቄ በር ላይ ጎማዋን እያስነፋች ነበር። ከፊቷ ቆመ። የት እንደቆመች በትክክል አላየም፣ ትንሽ ወደ ጎን ነበር የዞረው።

«አሥመራ እሄዳለሁ» አላት።

«ሰምቻለሁ ኣያ። እግዚአብሔር ይማርህ። ማን ይነዳሃል?»

ኣያ ሓይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ፣ ኮርቻ ጠጋኙም ቀና አለ። «ዓይን ለሌለው ሰው» አለ ሓይሉ፣ «መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር አይበቃውም። የሚያምነው እጅ ያስፈልገዋል። አንቺ ንጂኝ።»

ለተብርሃን ሄዳ በሩን ከፈተችለት፣ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣለችበት። ዞራ ወደ መሪው ስትመጣ ፊቷን ከኔ አዞረች፤ እኔም ጎማ የማይ መሰልኩ። ሞተሩን አስነሳች። በሰኞ ገበያ በኩል አልፈው ከዓይኔ ተሰወሩ፣ ድምፃቸው ግን እንዳየሱስ ዳገት ላይ እንደገና ተሰማኝ። መፍቻዬን አስቀምጬ በጆሮዬ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያው መታጠፊያ፣ ሁለተኛው፤ አሁን ማርሽ ትቀንሳለች ብዬ ከማሰቤ በፊት እሷ ቀንሳ ነበር። ልክ ነበረች። ትንሽ ብትዘገይ ሞተሩ ይደክም ነበር።